በስድስት ፊደል የተቆለፈው ላፕቶፕ

ጥር 9

ለአጎቴ ልጅ፣

ጤና ይስጥህ። እኔ ደህና ነኝ፣ አባትህም ደህና ነው፣ የጫማ ቤቱም በቦታው አለ። ረጅም ሰላምታ ለሚዋደዱ ሰዎች ነውና በዚህ ይብቃን።

ከሄድክ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆኖሃል። የሄድክ ዕለት ድምፅህን በስልክ እንዳልሰማ ምያለሁ። መሐላዬን ለማንም ብዬ አላፈርስም፣ ለአንተማ ጭራሽ! በወረቀት የምጽፍልህ ለዚህ ነው። ልመና እንዳይመስልህ። ያበላሸኸውን እንድታስተካክል ነው።

ላፕቶፑ ሞቷል። ባለፈው ሳምንት ራሱን እያደሰ ሳለ መብራት ጠፋ፤ ባትሪው እንደሆነ ከሞተ ቆይቷል። መብራት ሲመጣ አስነሳሁት። ጥቁር ሰሌዳ ላይ አንድ መስመር ነጭ ጽሑፍ አወጣና ቀጥ አለ። አጠፋሁት፣ አበራሁት፣ ያው ነው። ውስጡ የሁለት መቶ አሥራ ሦስት ሰው የእግር ልክ አለ። የልክ ደብተሮቹን ደግሞ "ከእንግዲህ ምን ይሠራሉ?" ብለህ ለጫማ መጠቅለያ ያስቀደድካቸው አንተ ነህ።

እዚያ ሄደህ ረስተኸው ከሆነ ላስታውስህ። አንድ እግሩ ያጠረ ሰው ልኩ በአንድ ቀን አይገኝም። ሠርተን፣ አስኪደን፣ ወገብህን አመመህ ወይ ብለን ጠይቀን፣ ከሶሉ ፍቀን፣ እንደገና ጨምረን ነው። የሒሳብ መምህሩን ልክ ለማግኘት ሦስት ጫማ ፈጅቶብናል። አሁን የመጨረሻው ጫማው ለሁለት ተከፍሎ በካርቶን ደግፎ ነው የሚሄደው። ግማሾቹ ደንበኞች ደግሞ ከሩቅ የሚመጡ ናቸው። ኑ፣ እንደገና ልለካችሁ ብላቸው፣ ለመምጣት ራሱ ጫማ ያስፈልጋቸዋል።

መንገድ ዳር ያለው ኮምፒዩተር ጠጋኝ ከፍቶ አየው። ፋይሎቹ ያሉበት ዕቃ ከቦርዱ ጋር የተበየደ ስለሆነ ነቅሎ ሌላ ላይ መሰካት አይቻልም አለኝ። ያለው መንገድ ላፕቶፑን በፍላሽ ማስነሳት ነው፤ ፍላሹ ላይ ሌላ ሲስተም ተጭኖ፣ በእሱ ተነስቶ፣ ልኮቹን መገልበጥ። እሱ ያዘጋጀውን ፍላሽ ላፕቶፑ ዞር ብሎም አላየው። "ይህን ያዋቀረው ሰው ነው የሚያውቀው፣ እሱን ጠይቂ" ብሎ መለሰኝ። ያዋቀርከው አንተ ነህ። ጠየቅኩህ።

የአክስትህ ልጅ

የካቲት 6

ለአክስቴ ልጅ፣

ደብዳቤሽ ደረሰኝ። ሰላምታሽን መዝኜ የዚያኑ ያህል መልሼልሻለሁ፣ አንዲት ግራም አልጨመርኩም።

"ያበላሸኸውን" ስትዪ ሳቄ መጣ። መብራቱን ያጠፋሁት እኔ ነኝ? በሞተ ባትሪ እድሳት እንዳትጀምሪ ብዬ በቀይ እስክሪብቶ ጽፌ ክዳኑ ላይ ለጥፌልሽ ነበር። ቀደሽው ይሆናላ! የእኔ የሆነ ነገር ሁሉ ዓይንሽን ይወጋሻል።

ፍላሹ ፖስታው ውስጥ አለ። አሁን እንደ ሕፃን ላስረዳሽ። ላፕቶፑ ጠፍቶ ሳለ ፍላሹን በግራ በኩል ባለው ቀዳዳ ሰኪው፣ የቀኙ ልል ነው። ማብሪያውን ተጫኚና ጣትሽን ሳታዘገዪ ኤፍ አሥራ ሁለት የሚለውን ቶሎ ቶሎ ንኪ። ቶሎ ቶሎ ነው ያልኩሽ፤ አንዴ ነክተሽ እጅሽን አጣጥፈሽ የምትጠብቂው የታክሲ ወረፋ አይደለም። ዝርዝር ይመጣል። ፍላሹን መርጠሽ አስገቢ። ዝርዝሩ ካልመጣ እንደገና አጥፍተሽ ኤፍ ሁለትን ንኪ፣ ከሚከፈተው ገጽ ላይ ፍላሹን በቅድሚያ እንዲያነሳው አድርጊ። ሲነሳ ልኮቹ ያሉበትን ማህደር ታገኚዋለሽ። አንብቢና አድርጊ። ከመደንበርሽ በፊት ደግመሽ አንብቢ።

ሲሳካልሽ ልኮቹን በሙሉ ፍላሹ ላይ ገልብጠሽ ላኪልኝ። ለምን ብለሽ አትጠይቂኝ። ግማሹን የለካሁት በእነዚህ እጆቼ ነው።

የአጎትሽ ልጅ

የካቲት 29

ለአጎቴ ልጅ፣

እንደምን አለህ? መልሱን ለራስህ ያዘው።

እንደ ሕፃን አስረዳኸኝ፣ እንደ ሕፃን ታዘዝኩ። በግራ ሰካሁ። ኤፍ አሥራ ሁለትን ጣቴ እስኪያብጥ ነካሁ። "በፍላሽ ማስነሳት ተከልክሏል" አለኝ። አጠፋሁ። ኤፍ ሁለትን ነካሁ። የቁልፍ ሥዕል መጣና ከሥሩ ፓስዎርድ ጠየቀኝ። ሦስት ጊዜ ከተሳሳትኩ ጢ...ጥ ብሎ ጮኾ ይጠፋል፤ እንደገና ከመጀመሪያው።

ለጠጋኙ አሳየሁት። ባትሪውን ነቀለ፣ ትንሿን ባትሪም ነቀለ፣ እንዲያድር አደረገው፤ ወይ ፍንክች! "ይህን የቆለፈ ሰው ዝም ብሎ አልቆለፈውም፣ አውቆ ነው" አለኝ። ይህን ሲለኝ ደሜ ፈላ። ያን ሁሉ ስታስረዳኝ፣ የቀኙ ቀዳዳ ልል መሆኑ ሳይቀር ትዝ ሲልህ፣ "ፓስዎርድ ይጠይቅሻል" የምትል አንዲት ቃል በደብዳቤህ ውስጥ የለችም። ዓይንህን በጨው ታጥበህ "አንብቢና አድርጊ" ትለኛለህ!

የሞከርኩትን ልንገርህ። የአባትህን ስም፣ የእናትህን ስም፣ የአንተን፣ የእኔን፣ የቤቱን ስልክ ቁጥር፣ የተወለድክበትን ዓመት። ከአንድ እስከ ስምንት ቁጥርም ሞክሬያለሁ። በሁሉም ጢጥ ብሎ ጮኾብኛል።

መምህሩ አሁን ቆሞ ማስተማር ትቷል። ወንበር ላይ ተቀምጦ ተማሪ እያስነሳ ሰሌዳው ላይ ያስጽፋል። ትናንት መጥቶ "ለፈተናው ሳምንት ይደርስልኝ ይሆን?" ሲለኝ ወዴት ልግባ! ልኮቹን ለምን እንደፈለግካቸውም ገብቶኛል፤ እዚያ ሱቅ ልትከፍት ነው አይደል? ክፈት። ፓስዎርዱን ላክና ሄደህ አሥር ሱቅ ክፈት።

ስለ አባትህ አንድ ቃል አልጠየቅክም። ሳትጠይቀኝ ልንገርህ፦ ዓይኑ ጨርሶ ደክሟል። የሶል ጠርዝ በጣቱ እየዳሰሰ ይሞርዳል እንጂ ከእንግዲህ ቆዳ አይቆርጥም።

የአክስትህ ልጅ

ሚያዝያ 8

ለአክስቴ ልጅ፣

የዘገየሁት ሥራ በዝቶብኝ አይደለም። ልጽፍልሽ ስላልፈለግኩ ነው።

አዎ፣ የቆለፍኩት እኔ ነኝ። የመጨረሻው ቀን፣ ሻንጣዬ በሩ ጋ ቆሞ፣ አንቺ ከውጭ ከቆዳ ነጋዴው ጋር እየተከራከርሽ ሳለ ቁጭ ብዬ ቆለፍኩት። ላፕቶፑ እስካልታመመ ድረስ ቁልፉ እንደማያጋጥምሽ አውቃለሁ። አንድ ቀን ግን ይታመማል፣ ያን ቀን ትፈልጊኛለሽ ብዬ ነው። ይኸው ፈለግሽኝ።

ፓስዎርዱን የሰጠሽኝ አንቺ ነሽ። በገዛ አፍሽ ነው የሰጠሽኝ፣ ሰው ፊት። በእንግሊዝኛ ፊደል ሲጻፍ ስድስት ፊደል ነው። ከዚህ በላይ አልነግርሽም። አስታውሺና ራስሽ ጻፊው።

ሱቅ የምትዪውን ተዪው። ሁለት መቶ አሥራ ሁለቱ ይቅሩብኝ። የምፈልገው አንድ ልክ ብቻ ነው፣ ፋይል ቁጥር አንድ። የማን እንደሆነ ታውቂያለሽ፣ አንቺ ነሽ የለካሽኝ። ይዤው የመጣሁት ጫማ ሶሉ አልቋል። እዚህ በሁለት ጉብኝት ለክተው፣ እንደ ሳጥን የሚከብድ ነገር ሠርተው ሰጡኝ። በእሱ በቀን ስምንት ሰዓት ማሸጊያ ጠረጴዛ ጋ እቆማለሁ። ማታ ወገቤ የእኔ አይመስለኝም።

እንዳታዝኚልኝ። ሐዘንሽን ለመምህሩ አድርጊለት።

የአጎትሽ ልጅ

ግንቦት 2

ለአጎቴ ልጅ፣

ጤናህን አልጠየቅኩም፣ ነግረኸኛል። ወገብህን እግዚአብሔር ይማርልህ፤ ልብህን ግን እንጃ።

አንተ ቂመኛ! አንተ የነገር ጎተራ! ሁለት ዓመት ከስምንት ወር ሙሉ አንዲት ቃል ላፕቶፕ ውስጥ ቀብረህ፣ ቁልፉን ኪስህ ከተህ፣ "አስታውሺ" ትለኛለህ? ደግሞ ራስህ በወገብህ እየተሰቃየህ! ቃሏን ጽፈህ ብትልክ መምህሩም አንተም ጫማ ታገኛላችሁ። እኔን ለመቅጣት ብለህ ራስህን የምትቀጣ ጅል ነህ።

ከመሄድህ በፊት የተጣላንበት ቀን የሆነውን አልረሳሁም። ትኬት ቆራጯ ልትወስደው የመጣችው ጫማ ከፍታው የግራ መሆን ሲገባው አንተ በቀኙ ላይ ጨምረህበት ነበር። ሴትዮዋ ተጫምታ ስትነሳ ወደ ግድግዳው ተወረወረች። ጮህኩብህ። አዎ፣ ጮህኩ! ሰነፍ ብዬሃለሁ፣ ግድየለሽ ብዬሃለሁ፣ እንቅልፋም ብዬሃለሁ። የፊደሉ ቁጥር ባይገጥምም ሦስቱንም ሞከርኳቸው። ደደብ ብዬህ ይሆናል ብዬ እሱንም ሞከርኩ። ከዚያ ያላልኩህን ሁሉ መሞከር ጀመርኩ፣ ስድስት ፊደል የሆነ ስድብ ሁሉ። ስድሳ አንድ ቃል ጽፌያለሁ። ጠጋኙ ወረቀቴን አይቶ "እትዬ፣ ይህን ሁሉ ስድብ ከየት አመጣሽው?" አለኝ። በሰው ፊት መሳቂያ አደረግከኝ።

ከእነዚህ የባሰ ክፉ ቃል ሰው ፊት ተናግረሽኛል ካልክ ግን አልቀበልም። ይህ ቤት አባትህ ጫማ ሰፊውን፣ አሥራ ሁለት ዓመት የሠራውን ሰው፣ ደንበኛ ላይ አንዲት ቃል ስለወጣችው በቆመበት ያሰናበተበት ቤት ነው። የትኛዋን ቃል እንደሆነ አንተም ታውቃለህ። እኔ በዚያ ሕግ ነው ያደግኩት። የሰው እግር ሥራዬ ነው፣ እንጀራዬ ነው። ያንን ቃል ለጠላቴ እንኳ አልናገረውም።

ድሮ እትዬ ትለኝ ነበር። አሁን ሳየው፣ አፌን የምታስከፍትበትን ነገር ስትፈልግ የኖርክ ትመስላለህ። ቃሉን ላክ። ካልላክህ ላፕቶፑን ለጠጋኙ ለመለዋወጫ እሰጠዋለሁ፣ የአንተም ቁጥር አንድ አብሮ ይሄዳል።

የአክስትህ ልጅ

ግንቦት 24

አባቴን ጠይቂው። ከቆዳ መቁረጫው ጠረጴዛ ጋ ቆሞ ነበር። ሰምቷል።

ሰኔ 15

ለአጎቴ ልጅ፣

በምን እንደምጀምርልህ አላውቅም። ሁለት ወረቀት ቀድጃለሁ።

ደብዳቤህ የደረሰ ዕለት አባትህ እንደልማዱ መስኮቱ ሥር ተቀምጦ ሶል ይሞርዳል። አጠገቡ በርጩማ ስቤ ተቀመጥኩ። "አጎቴ፣ የዚያን ቀን ልጅዎን ምን ብዬው ነበር?" አልኩት። መሞረዱን አቆመ።

"ይቅር፣ ልጄ" አለኝ።

"ይንገሩኝ።"

"ያንን ቃል ነዋ።"

"የቱን?"

"በዚህ ቤት የማይባለውን።"

"አላልኩም!" ብዬ ተነሳሁ። ሠራተኞቹ ሁሉ ዞረው አዩኝ።

"ብለሻል" አለኝ ቀስ ብሎ። "ጫማውን ወለሉ ላይ ወርውረሽ፣ 'አንተ ራስህ አንካሳ ሆነህ የሰው እግር ታበላሻለህ' ብለሽዋል። ትኬት ቆራጯም ነበረች፣ አንድ ሌላ ሰውዬም ተቀምጦ ነበር።"

እምልልሃለሁ፣ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ አላስታውሰውም ነበር። እሱ ሲናገረው ግን ድምፄን ሰማሁት። የጫማው መውደቅም ተሰማኝ። አንተ ጎንበስ ብለህ አንስተህ ጠረጴዛው ላይ ማስቀመጥህም ታየኝ። አንድም ቃል አልመለስክልኝም ነበር። ያኔ ዝም ማለትህን ጥፋትህን ማመንህ ነው ብዬ ነበር የወሰድኩት።

ከዚያ አባትህን ያዝኩት። "ሰፊውን በዚህ ቃል አባረውታል። አሥራ ሁለት ዓመት ሠርቶ! እኔን ለምን ዝም አሉኝ?" አልኩት። ሞረዱን ጭኑ ላይ አሳረፈ። "ዓይኔ እየጠፋ ነበር" አለኝ። "እናንተ አላወቃችሁም እንጂ ከዚያ በፊት ጀምሮ ነው። አንቺን ባስወጣ ቤቱን ማን ይይዛል? እሱ ልጄ ነው፣ ይችለዋል ብዬ ነው።"

ይኸው እንዳለ ጻፍኩልህ፤ አልቀነስኩም፣ አላሳመርኩም። እሱንም ተቆጣሁት፣ አንተን ወክዬ ይሁን ራሴን ወክዬ አላውቅም። ሞረዱን አንስቶ ሥራውን ቀጠለ።

ሠራተኞቹ ምሳ ሲወጡ በሩን ገርበብ አድርጌ ላፕቶፑን ከፈትኩ። ኤፍ ሁለትን ነካሁ። ቁልፉ መጣ። ስድስቷን ፊደል አንድ በአንድ ጻፍኳት። ስድሳ አንድ ስድብ ስጽፍ ያልደከመ ጣቴ ያቺን ለመጨረስ አቃተው። አስገባሁ። ሳይጮህ ተከፈተ። ጠጋኙ እንዳሳየኝ ለፍላሹ ቅድሚያ ሰጥቼ፣ አስቀምጬ፣ አጥፍቼ አስነሳሁት። በፍላሹ ተነሳ። ሁለት መቶ አሥራ ሦስቱም ልኮች አሉ፣ አንድም አልጎደለም። ሁለት ቦታ ገለበጥኳቸው። ፓስዎርዱንም አጠፋሁት። ያ ቃል ከእንግዲህ በምንም ዕቃ ውስጥ እንዲያድር አልፈልግም።

ያኔ የተናገርኩት ነውር ነው። ጥፋተኛ ነኝ። ለሌላው ሰው እግር ስጨነቅ የኖርኩ ሰው በቤቴ ልጅ እግር ተሳደብኩ፣ ከዚያ ደግሞ ረሳሁት፤ መርሳቴ ከመናገሬ ይብስብኛል። አፍሬያለሁ። ይቅርታ አድርግልኝ። ይህን በስልክ ልነግርህ አስቤ ነበር፣ ግን ብትዘጋብኝ የምችለው አልመሰለኝም።

አንተ ግን ንጹሕ እንዳይመስልህ። እኔ አንድ ቃል ተናገርኩ፤ አንተ መምህሩን ከሦስት ወር በላይ ወንበር ላይ አስቀመጥከው። እሱ ምን አደረገህ? ፈተናው አለፈ፣ ጫማው አልደረሰም። ትናንት ገና ሶሉን ቆረጥኩለት። ይህን ለብቻው እቆጣሃለሁ፤ ከእኔ ጥፋት ጋር አታጣፋው።

ፋይል ቁጥር አንድን ከፈትኩት። የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ሳለህ ነው የሚጀምረው፣ የሁለቱ እግሮችህ ልዩነት ሁለት ተኩል ሳንቲሜትር። ከዚያ ሦስት። ከዚያ ሦስት ተኩል፣ የሄድክበት ዓመት። ልኩን ብቻ ልኬልህ እዚያ እንዲሠሩልህ ማድረግ ትችላለህ፣ ወረቀቱን አያይዤልሃለሁ። እኔ እንድሠራው ከፈለግክ ግን የድሮ ልክ አይበቃኝም። ወፍራም ወረቀት ላይ በባዶ እግርህ ቁም፣ ሌላ ሰው እርሳሱን ቀጥ አድርጎ ዙሪያውን ያስምርልህ። ካጠረው እግርህ ሥር ወገብህ እስኪስተካከል ደብተር ደርድር፣ ከፍታውን ለካ። ራስህ ጎንበስ ብለህ አትለካ፣ ይሳሳታል።

የአክስትህ ልጅ

ሐምሌ 11

ለአክስቴ ልጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። ለመምህሩም ሰላምታ አቅርቢልኝ። በእሱ ላይ ያደረግኩት ጥፋት ነው፣ አምኛለሁ። ጫማውን ሲወስድ ይህን ንገሪው፣ ምክንያት አትጨምሪበት።

አንቺን ግን ይቅር አላልኩሽም። ደብዳቤሽን ሳነብ ልል የምችል መስሎኝ ነበር፣ ልጽፍ ስቀመጥ እምቢ አለኝ። ቃሏን ስትጽፊ ጣትሽ መድከሙን አንብቤ ደስ አለኝ። ደስ ማለቱ አሳፈረኝ፣ ግን ደስ ብሎኛል። እውነቱን ንገረኝ ካልሽ ይኸው ነው።

አባቴ "ይችለዋል ብዬ ነው" ያለውን ቃል ሥራ ቦታ ይዤው ሄድኩ፣ ይዤው ተመለስኩ። ከአንቺ ቃል ይልቅ የእሱ ዝምታ ነው ሻንጣዬን ያስነሳኝ። ለእሱ አልጽፍለትም፣ ማንበብ አይችልም። አንቺ አጠገቡ በርጩማ ስበሽ ተቀመጪና፣ ልጅህ አልቻለውም ብለሽ ንገሪልኝ።

ወረቀቱ ከዚህ ጋር ተጠቅልሎ አለ፣ እንዳይታጠፍብሽ። አብሮኝ የሚያሽግ ሰው ነው ያሰመረልኝ፤ እርሳሱን ቀጥ አድርጎ ይዟል፣ አይቼዋለሁ። ደብተር ደርድሬ ቆሜያለሁ። ልዩነቱ አራት ነጥብ ሁለት ሆኗል፤ ያንን ከባድ ጫማ የሠሩልኝ ሰዎች ጉልበቴ ስለጎበጠ ነው አሉኝ። አውራ ጣቴ በኩል ትንሽ ሰፋ አድርጊው። ቡናማ ይሁን። ተረከዙን በጎማ ሥሪው፣ የምቆምበት ወለል ቀኑን ሙሉ እርጥብ ነው።

የአጎትሽ ልጅ